መስኮቱ ለማን ይድረስ?
አንዱን ክፍል ለሁለት መክፈል

በከተሞቻችን ውስጥ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው በአንድ ክፍል፣ ቢበዛም በአንድ ክፍልና ጓዳ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ወደ ቀበሌ ከተዛወሩት ቤቶች መካከል፣ ዛሬም ድረስ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩባቸው አሉ። ኮንዶሚኒየም የደረሳቸውም ቢሆኑ ስቱዲዮ የሚባለው ዕጣ ከወጣላቸው ያው አንድ ክፍል ነው። ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ ጥበቱ እምብዛም አያስቸግርም፤ እንዲያውም ተቃቅፎ መተኛቱ ለክረምቱ ይበጃል። ጭንቀቱ የሚመጣው ልጆቹ ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምሩ ነው። ሴቷ ልጅ ልብሷን ለመለወጥ ወንድሞቿ እስኪወጡ ደጅ ደጁን ታያለች። ለፈተና የሚያጠናው ልጅ መብራት አጥፋ ይባላል። ባልና ሚስት የቤታቸውን ጉዳይ እንኳ በሹክሹክታ መነጋገር ይከብዳቸዋል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆች 7 ዓመት ሲሞላቸው በሶላት እንዲታዘዙ፣ 10 ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ መኝታቸው እንዲለያይ ማዘዛቸው በአቡ ዳውድ የሐዲስ ስብስብ ተዘግቧል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የታዘዘው መኝታን መለየት ነው እንጂ ግንብ ማቆም አይደለም። አቅም ያነሰው ወላጅ ፍራሽ ለፍራሽ ለይቶ፣ መሐሉን በመጋረጃ ቢጋርድ ትእዛዙን እንዳላከበረ አድርጎ ራሱን ማስጨነቅ አይገባውም። ነገር ግን በሱረቱ አን-ኑር 58ኛው አንቀጽ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች እንኳ በሦስት ጊዜያት፣ ከሱብሒ ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓትና ከዒሻእ ሶላት በኋላ፣ ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ ተደንግጓል። የሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ ልጆቹ ለአካለ መጠን ሲደርሱ ምንጊዜም ማስፈቀድ እንዳለባቸው ያስረዳል። ለማስፈቀድ የሚንኳኳ በር ያስፈልጋል፤ ለበሩ ደግሞ ግድግዳ። ስለዚህ አቅሙ ለፈቀደለት ቤተሰብ አናጢዎች ፓርቲሽን የሚሉት መከፋፈያ ግድግዳ ከሶፋና ከቴሌቪዥን አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ነገር ነው።

በጠባብ ቦታ ገመናን ጠብቆ መኖር ለኛ አዲስ አይደለም። የሐረር ጁገልን ባህላዊ ቤት የጎበኘ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዋናው ክፍል ነደባ በሚባሉ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ መደቡ ራሱ ይናገራል። ከጎኑ ደግሞ ኪርታት የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። በልማዱ አዲስ ሙሽሮች የመጀመሪያዎቹን ቀናት የሚያሳልፉት በእርሷ ውስጥ ነው። በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በ1998 ዓ.ም. የተመዘገበችው የጁገል ቤቶች ሰፋፊዎች አይደሉም፤ ግን ቤቱን የሠሩት ሰዎች ግድግዳ ከመገንባታቸው በፊት በቤቱ ውስጥ ምን እንደሚደረግ አስበውበታል። እኛ ዘንድ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። እንጨቱ ይገዛል፣ አናጢው ይጠራል፣ በአንድ ቀን ውሎ ግድግዳው ይቆማል። ከዚያ በኋላ የልጆቹ ክፍል ጨለማ፣ የወላጆቹ ደግሞ አየር የሌለው ሆኖ ይገኛል።

በጠመኔ ይጀምሩ

ግድግዳ ሰውን ከሰው ብቻ አይለይም። ብርሃንንም፣ አየርንም፣ ድምፅንም ይከፍላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ በምን እንሥራው ሳይሆን መስኮቱ ለማን ይድረስ የሚለው ነው።

ለምሳሌ በየሰፈሩ የሚገኘውን ዓይነት ክፍል እንውሰድ። ፊቱ 5 ሜትር፣ ወደ ውስጥ ጥልቀቱ 4 ሜትር፣ ኮርኒሱ ድረስ 2 ሜትር ከ80 ነው። በሩም መስኮቱም በአንድ በኩል በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ናቸው። ብዙ ሰው ይህን ክፍል የሚከፍለው ከግራ ወደ ቀኝ አግድሞ ነው፤ ፊት ለፊት ሳሎን፣ ከኋላ መኝታ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ያምራል፤ ነገር ግን የኋላው ክፍል ቀን በቀን አምፖል የሚበራበት፣ ጠዋት ሲገባበት የሌሊቱ ትንፋሽ የሚሸት ዋሻ ይሆናል። ሕፃን ልጅ በዚያ ክፍል ውስጥ በሌሊት 9 እና 10 ሰዓት ያህል እንደሚያድር ማስታወስ ያስፈልጋል።

ይህንኑ ክፍል ከፊት ወደ ኋላ፣ በበሩና በመስኮቱ መካከል ቢከፍሉትስ? በመስኮቱ በኩል ወርዱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል ይገኛል። በወርዱ 90 ሳንቲ የሆኑ ሁለት አልጋዎች እግር ለእግር በአንዱ ግድግዳ ጥግ ተከታትለው ቢዘረጉ 3 ሜትር ከ80 ይይዛሉ፤ ከጎናቸው ከ1 ሜትር በላይ መተላለፊያ ይተርፋል። ተደራራቢ አልጋ ከሆነማ ከመስኮቱ ሥር ለማጥኛ ጠረጴዛ የሚሆን ቦታ አለ። በበሩ በኩል የሚቀረው ወደ 2 ሜትር ከ90 የሚጠጋው ክፍል ደግሞ ለወላጆች ሜትር ከሃምሳ አልጋና ለእንግዳ መቀመጫ ይበቃል። ይህኛው ክፍል መስኮት አጥቷል፤ ቀን በሩ ይከፈትለታል፣ ከበሩ በላይ መስታወት ማስገባት ከተቻለም መልካም ነው። የሌሊቱን አየር ግን ከመስኮቱ ክፍል መጋራት አለበት፤ እንዴት እንደሆነ ወደፊት እንመለስበታለን።

ሐሳቡን ለመፈተን ገንዘብ አያስፈልግም። ግድግዳው የሚቆምበትን መሥመር ወለሉ ላይ በጠመኔ ያስምሩ፤ ሲባጎ ወጥረው አንሶላ ይስቀሉበትና ቤተሰቡ ሦስት አራት ቀን ይኑርበት። የቡና ረከቦቱ የት እንደሚቀመጥ፣ መስገጃው ወደ ቂብላ ሲዘረጋ ግድግዳውን ይገፋ እንደሆነ፣ የቁም ሳጥኑ በር ይከፈት እንደሆነ በዚያው ይታወቃል። እናቶችን መጠየቅም አይዘንጋ። ቤት ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ ከየት ወደ የት እንደሚመላለሱ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ አናጢውን የሚያነጋግረው ግን ብዙ ጊዜ አባት ብቻ ነው።

ስለ ከሰል

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። አንድ ሰፊ ክፍል ውስጥ ለቡና ወይም ለሙቀት የሚቀጣጠል የከሰል ምድጃ፣ ክፍሉ ለሁለት ሲከፈል አደጋው በብዙ ይጨምራል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊሞት ይችላል። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ ብቻ ደኅና ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ነው፤ የቀላው ፍምም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። እጣንና ጨው መነስነስም ጋዙን አያጠፋውም።

ስለዚህ ግድግዳው ከመቆሙ በፊት ቤተሰቡ አንድ ነገር ይስማማ። መስኮት በሌለው በኩል ምድጃ አይገባም፤ በየትኛውም በኩል ቢሆን ፍም ባለበት ማንም አይተኛም። ክረምት ሲብስ ብርድ ልብስ መጨመር ይሻላል።

በምን ይሠራ?

መጋረጃ ቀላሉ ነው፤ ዓይንን ይጋርዳል፣ አየር አይከለክልም፣ የተከራየ ሰው ነቅሎት ይሄዳል። ወፍራም ጨርቅ ይምረጡ፤ ስስ ከሆነ ማታ ከበስተጀርባው መብራት ሲበራ ጥላ ያሳያልና ለገመና አይሆንም። ቁም ሳጥንን መሐል አቁሞ ጀርባውን መጋረድም ብልሃት ነው፤ ልብስ የሞላው ቁም ሳጥን ከባዶ ጣውላ ይልቅ ድምፅ ያፍናል። እንዳይወድቅ ግን ከግድግዳ ጋር መታሰር አለበት፤ ልጆች ይንጠላጠሉበታል።

ጭቃ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው በቋሚና በማገር የሚሠራውን የጭቃ ግድግዳ ሊንቀው አይገባም። ወፍራም ስለሆነ ድምፅ ይይዛል፤ እሳትም ቶሎ አይበላውም። ባሕር ዛፉ ቅርፊቱ ይላጥ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር በደንብ ተረግጦ ለቀናት ይቡካ፣ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ይመረግ። ጉዳቱ ጊዜው ነው። እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ እስከዚያ ቤቱ እርጥብ ስለሚሆን በበጋ ካልሆነ አይመከርም። ለምስጥ ሲባል የቋሚውን እግር የተቃጠለ ዘይት መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ለአጥር እንጨት ይሁን፣ ሰው ለሚተኛበት ክፍል ግን ሽታው አይሆንም። እግሩን ከአፈር አውጥቶ በድንጋይና በሲሚንቶ ላይ ማሳረፍ ይሻላል።

ብሎኬት ጠንካራ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሒሳብ እንሥራ። 20 በ40 ሳንቲ የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር 13 ያህል ይገባል። ከላይ የጠቀስነው 4 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ከ80 ቁመት ያለው ግድግዳ፣ የበሩ ቦታ ሲቀነስ 9 ካሬ ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ከ120 በላይ ብሎኬት ይፈልጋል። የ10 ሳንቲው ብሎኬት እንደ አሠራሩ ቢለያይም አንዱ ወደ 10 ኪሎ ቢመዝን፣ ከሁለት ወገን ልስኑ ሲጨመርበት ጠቅላላው 20 ኩንታል ገደማ ይሆናል። መሬት ላይ በተሠራ ቤት መሠረት ተቆፍሮለት ሊቆም ይችላል። በፎቅ ላይ ግን 20 ኩንታል ባልታሰበበት ቦታ በቀጭን መሥመር ላይ ይጫናል። ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ወለሎች ተዘጋጅተው በመጡ ቢሞችና በመሐላቸው በተደረደሩ ብሎኬቶች የተሠሩ ናቸው። መሐንዲስ ሳያማክሩ እዚያ ላይ የብሎኬት ግድግዳ ማቆም የራስንም፣ የታች ጎረቤትንም ሕይወት መዳፈር ነው። ጎረቤት ሐቅ አለውና።

ለፎቅ ቀላሉ የሞራሌና የችፑድ ግድግዳ ነው፤ በሙሉ ተደምሮ ከ3 ኩንታል አይዘልም። ጂፕሰም ቦርድም እንዲሁ ቀላል ነው፤ ከችፑድ ይልቅ እሳት ይቋቋማል፣ ሲቀባም ያምራል። ውሃ ግን ጠላቱ ነው። ወለሉ በየቀኑ በውሃ የሚታጠብ ከሆነ የታችኛው ጫፉ ያብጥና ይፈርሳል። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ለመከፋፈያነት የዋለው አግሮስቶንም በዚሁ በቀላሉ ወገን የሚመደብ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ለእጀ ቀና አባትና ለጎረምሳ ልጆቹ የሚመቸው ሞራሌና ችፑድ ስለሆነ አሠራሩን ዘርዘር አድርገን እንመልከተው።

አሠራሩ

የሚያስፈልገው መሣሪያ ሜትር፣ መጋዝ፣ መዶሻ፣ ውሃ ልክና መሰርሰሪያ ነው። ቱምቢ ከሌለ በሲባጎ ጫፍ ከባድ ዳዶ አስሮ ማንጠልጠል ያንኑ ሥራ ይሠራል።

መጀመሪያ የወለሉ መሥመር ይሰመር። መሥመሩ ከነባሩ ግድግዳ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን መሥራቱን ለማወቅ ከማዕዘኑ በአንዱ በኩል 60፣ በሌላው በኩል 80 ሳንቲ ለክተው ምልክት ያድርጉ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ርቀት ልክ 100 ሳንቲ ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ካልሆነ መሥመሩን ያዙሩት። የድሮ ቤት ግድግዳ ራሱ የተጣመመ ሊሆን ይችላልና ከሁለቱም ጫፍ መለካት ያስፈልጋል።

ከዚያ 5 በ7 ሳንቲ የሆነ ሞራሌ በወለሉ መሥመር ላይ ይተኛና በፊሸርና በብሎን ይታሰር፤ የበሩ ቦታ ክፍት ይተው። የላይኛው ሞራሌ ከዚሁ ትክክል በላይ መሆኑን በቱምቢ ያረጋግጡ። ኮርኒሱ ራሱ ምንም አይሸከምም፤ የሚይዘው ከኮርኒሱ በላይ ያለው እንጨት ነው። በጣትዎ እያንኳኩ ይሂዱ፤ ባዶ ድምፅ የነበረው ድፍን ሲል እንጨቱ እዚያ ነው። ጭቃ ግድግዳ ላይም እንዲሁ ፊሸር ጭቃ ውስጥ አይጨብጥም፤ ምስማሩ ወይም ብሎኑ ቋሚውን ማግኘት አለበት። ከመሰርሰርዎ በፊት ደግሞ የኤሌክትሪክ መሥመሩ በየት እንደሚያልፍ ይወቁ። ከማብሪያ ማጥፊያውና ከሶኬቱ በላይና በታች ቀጥታ ያለውን ቦታ አይንኩ።

አሁን የቋሚዎቹ ተራ ነው። ችፑድ ሲሸጥ አንዱ 1 ሜትር ከ22 በ2 ሜትር ከ44 ነው። ስለዚህ ቋሚዎቹ ከመሐል እስከ መሐል 61 ሳንቲ ይራራቁ፤ እንዲህ ከሆነ የሁለት ችፑድ መጋጠሚያ ሁልጊዜ በአንድ ቋሚ መሐል ላይ ያርፋል፣ የችፑዱም ወገብ ድጋፍ ያገኛል። ይህን ሳያስቡ በግምት በየ70 እና በየ80 ሳንቲው የሚያቆሙ አሉ፤ ችፑዱ ይረገባል፣ ልጅ ሲደገፈው ይጮኻል። በበሩ ግራና ቀኝ ቋሚው ድርብ ይሁን፤ በር ሲወረወር የሚቀበለው እርሱ ነው።

ችፑዱ ሲቆም ቁመቱ 2 ሜትር ከ44 ነው፤ ኮርኒሱ ደግሞ 2 ሜትር ከ80። ቋሚዎቹ እስከ ኮርኒስ ይድረሱ እንጂ ችፑዱን ለማድረስ መቀጠል አያስፈልግም። ከላይ የሚቀረው 36 ሳንቲ ክፍተት ቅድም ያቆየነውን የአየር ጥያቄ ይመልሳል። ከመስኮቱ የገባው አየርና ብርሃን በዚያ በኩል ወደ ወዲያኛው ክፍል ይሻገራል፤ ችፑድም ሳይቆረጥ ይቀራል። ለምሳሌያችን ግድግዳ በአንድ ወገን 3፣ በሁለቱም ወገን 6 ችፑድ ይበቃል። የበሩን ላይ የሚሸፍነውም ከዚያው ትራፊ ይወጣል።

ስለ ድምፅ

በእርግጥ በዚያ ክፍተት አየር ብቻ አይሻገርም። ዓይን የማያየውን ጆሮ ይሰማዋል። ሙሉ ፀጥታ የሚፈልግ ሰው ግድግዳውን እስከ ኮርኒስ መዝጋት ብቻውን እንደማይበቃው ይወቅ፤ ድምፁ ስስ በሆነው ኮርኒስ ዘልቆ፣ በጣሪያው ሥር ዞሮ ይወርዳል። በሩ ሥር ያለው የሁለት ጣት ክፍተትም ግድግዳውን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ሁለቱም ክፍል መስኮት ካለው ከላይም ከታችም ይዝጉት። አንዱ መስኮት አልባ ከሆነ ግን ክፍተቱ ይቅር የሚል ምክር አንሰጥም። ከፀጥታ አየር ይቅደም።

ያም ሆኖ ድምፁን መቀነስ ይቻላል። ችፑዱ በሁለቱም ወገን ይመታ፤ በአንድ ወገን ብቻ የተመታ እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ችፑዱ ከነባሩ ግድግዳና ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅ በጂፕሰም ወይም በስቱኮ ይደፈን። የቁም ሳጥኑና የኪታብ መደርደሪያው በዚህ ግድግዳ ላይ ይደገፉ። በመሐል ያለውን ባዶ ቦታ በአሮጌ ልብስና በስፖንጅ የሚሞሉ ሰዎች አሉ፤ ቶሎ እሳት የሚይዝ ነገር በእንጨት መሐል፣ በዚያ ላይ ሽቦ ካለፈበት፣ መሙላት አደገኛ ነው። ሁለተኛውን ክፍል ለማብራት የሚያስፈልገው መሥመርም በማከፋፈያ ገመድ ተጎትቶ በችፑዱ ቀዳዳ አይለፍ፤ ባለሙያ በቱቦ ያስገባው።

ቤቱ የራስ ካልሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። ባለቤቱ ግለሰብም ይሁን ወረዳው ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን፣ ፈቃዱ በጽሑፍ ቢሆን ይመረጣል፤ በቃል የተባለ ነገር ሰው ሲቀየር ይረሳል። ሲለቁ ነቅለው መውሰድ የሚችሉት መሆኑም አብሮ ይጻፍ። የሞራሌና የችፑድ ግድግዳ በምስማር ሳይሆን በብሎን ከታሰረ ተፈቶ ሌላ ቤት ሊቆም ይችላል።

በሩ

የበሩ ወርድ ከ70 ሳንቲ አይነስ፤ አልጋና ፍራሽ ይግባበታልና። ወደ የት እንደሚከፈት አስቀድሞ ይወሰን። ወደ መኝታው ውስጥ ተከፍቶ አልጋውን የሚጋርድ ቢሆን፣ በሩ ገርበብ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ግድግዳው እንጂ የተኛው ሰው አይሆንም። ፈቃድ መጠየቅ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማስረዳታቸው በሐዲስ ተዘግቧልና የማጠፊያው ቦታ ተራ ነገር አይደለም። በወላጆች በኩል ከውስጥ መቀርቀሪያ ይደረግ። በትናንሾቹ ልጆች ክፍል ግን ከውስጥ የሚቆለፍ ነገር አይኑር፤ ቢያስፈልግ እንኳ ከውጭ በሳንቲም ጠርዝ የሚከፈተው ዓይነት ይገዛ። የበሩ እጀታም የትንሹ ልጅ እጅ በሚደርስበት ከፍታ ይሁን።

በሩ በተሰቀለ ሳምንት ልጆቹ ሁሉንም ነገር ረስተው እየሮጡ መግባታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ቁጣ አያስፈልግም፤ መልሰው አስወጥተው እንዲያንኳኩና ሰላም ብለው እንዲገቡ ያድርጓቸው። ወላጆችም ወደ ልጆቹ ክፍል ሲገቡ ያንኳኩ።